ፈንዲሻ የመሰለው ኮርኒስ ይፋቅ ወይስ ይተው?

የፈንዲሻ ቦታው ከቡናው አጠገብ፣ ከሰፌዱ ላይ ነው። በአሜሪካ አገር ግን ፈንዲሻ ከራስ በላይ ተለጥፎ የሚታይባቸው ቤቶች እጅግ ብዙ ናቸው። እርግጥ የሚበላ አይደለም፤ ጀሶ የመሰለ ልስን ከልዩ ልዩ ፍርፋሪ ጋር በውሃ ተበጥብጦ፣ በመርጫ መኪና ወደ ላይ ተረጭቶ፣ ከኮርኒሱ ላይ እንዳለ የደረቀ ነው። ሲደርቅ ጉብጉብ ብሎ የፈነዳ በቆሎ ስለሚመስል የአገሩ ሰዎች «የፈንዲሻ ኮርኒስ» ይሉታል። መልኩን ከአይብ ጋር አመሳስለው በአይብ ስም የሚጠሩትም አሉ።

በዋሺንግተን ከተማ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን አሮጌ ቤት ሲገዙ ይህን ኮርኒስ አብረው የሚገዙበት ጊዜ አለ። በ1950ዎቹና በ1980ዎቹ መካከል የተሠራ ቤት የያዘ ሰው ቀና ብሎ ቢመለከት በሳሎኑ ወይም በመኝታ ቤቱ ሊያገኘው ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

እንግዲህ ቁልፉን ተቀብለው አዲስ የገቡ ባልና ሚስት አሉ እንበል። ሚስት ቀና ብላ ታይና፣ «የልጁ ክርስትና ሳይደርስ ይኼን ነገር አንድ በለው፤ እንግዳ ምን ይለናል?» ትላለች። ባልም፣ «አታስቢ፤ ቅዳሜ መሰላል አምጥቼ፣ ወንድሞችሽን ጠርቼ፣ በግማሽ ቀን ፍቀን እንጥለዋለን» ይላል። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡት እናት ደግሞ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጄ፣ ለሳኙ ሥራውን ሳይጨርስ ነው እንዴ ቤቱን ያስረከቧችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ከሦስቱ ወደ እውነቱ የቀረቡት እናት ናቸው። ኮርኒሱ ያማረ እንዲሆን ተብሎ ብቻ የተፈለሰፈ አይደለምና።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ አገር የቤት ችግር ስለ ነበረ ቤት የሚሠሩ ኩባንያዎች በጥድፊያ ይሠሩ ነበር። ኮርኒስና ግድግዳ እንደ ቀድሞው በእጅ መለሰኑ ቀረና፣ በሁለት ወፍራም ወረቀት መካከል ጂፕሰም የተጋገረበት ሰሌዳ እየተቸነከረ መገጠም ጀመረ። ሰሌዳው ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው የሚጋጠምበት መስመር ይታያል። ያን መስመር ለማጥፋት ስቱኮውን ደጋግሞ መቀባት፣ ማድረቅና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ነው፤ ጊዜም ገንዘብ ነው። የሚረጨው ልስን የመጣው ለዚህ ነው። አንድ ሠራተኛ መርጫውን ይዞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ክፍሎቹን ሲያዳርስ መስመሩም ጠማማውም ከጉብጉቡ ሥር ይደበቃል። ደግሞም ሻካራ ስለሆነ በባዶ ክፍል ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ በመጠኑ ያፍናል። ነጋዴዎቹ ይህን ሁለተኛውን ጥቅም አጉልተው አወሩለት፤ የመጀመሪያውን ግን ብዙም አላነሡም።

በዚህ ነገር እኛም ልንስቅባቸው አይገባም። አሮጌውን የአዲስ አበባ ቤት የሚያስታውስ ሰው፣ አቡጀዲ ተወጥሮ ቀለም እየተቀባ ኮርኒስ ይባል እንደ ነበር ያውቃል። ከአቡጀዲው በላይ አይጥ ሲሯሯጥ ይሰማ ነበር እንጂ እንጨቱና ቆርቆሮው አይታይም ነበር። ኮርኒስ በየትም አገር የሚደብቀው ነገር አለው።

የፈንዲሻው ኮርኒስ ጉዳይ ከውበት አልፎ የጤና ጉዳይ የሚሆነው በውስጡ ሊኖር በሚችለው አንድ ማዕድን የተነሣ ነው፤ ስሙም አስቤስቶስ ይባላል። አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር ድንጋይ ሲሆን እንደ ጥጥ ወደ ክር መፈተል ይችላል፤ እሳት አይበላውም። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የማይጠፋ» ማለት ነው። እሳትን ስለሚከላከል፣ ልስንንም ስለሚያጠነክር፣ ዋጋውም ርካሽ ስለ ነበረ በሺህ በሚቆጠሩ ዕቃዎች ውስጥ ገባ፤ በሚረጨው ኮርኒስም ውስጥ ተቀላቀለ።

ችግሩ ክሩ ነው። ሲፈረካከስ ከሰው ጠጉር በብዙ እጥፍ ወደሚቀጥን ጭረት ይለወጣል፤ በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ አፍንጫንም አይኮረኩርም። ከአየር ጋር ተስቦ ወደ ሳንባ ከወረደ በኋላ ሰውነት ሊያሟሟው ስለማይችል እዚያው ይቀመጣል። በ1924 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል የአስቤስቶስ ፋብሪካ ትሠራ የነበረች ኔሊ ከርሾው የተባለች ሴት ሞተች፤ ኩክ የተባለው ሐኪምም ሳንባዋን መርምሮ ያገኘውን ጉዳት በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ከ40 ዓመት በኋላ በ1964 ደግሞ በኒው ዮርክ ዶክተር አርቪንግ ሴሊኮፍና ባልደረቦቹ የቧንቧና የሙቀት መከላከያ ሠራተኞችን መዝገብ አጥንተው፣ በሳንባ ካንሰር የሞቱት ከሚጠበቀው ቁጥር በብዙ እንደሚበልጡ ለዓለም አስታወቁ።

ከአስቤስቶስ የሚመጡት ዋና ዋና በሽታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው አስቤስቶሲስ የሚባለው ሲሆን ሳንባን እንደ ጠባሳ አድርቆ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር ነው፤ ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ላይ አደጋው እጅግ ይበረታል። ሦስተኛው ሜሶቴሊዮማ ይባላል፤ የሳንባን ወይም የሆድን ሽፋን የሚይዝ ክፉ ካንሰር ነው። ሦስቱም የሚታዩት ብናኙ ከተሳበ ከ10 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይተው ነው። ስለዚህ ዛሬ ፍቆ ነገ ደኅና መሆን ምንም ማስረጃ አይሆንም። በሽታው የፋብሪካ ሠራተኛ ብቻ ሆኖም አልቀረም፤ የባላቸውን አቧራ የጠጣ የሥራ ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሚስቶች ታመው ተገኝተዋል።

የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1973 አስቤስቶስ ያለበትን ለእሳትና ለሙቀት መከላከያ የሚረጭ ልስን ከለከለ፤ በ1978 ደግሞ ክልከላውን ለጌጥ ወደሚረጨው አሰፋው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቤቴ የተሠራው በ1980 ስለሆነ አያሰጋኝም» ይላል። በመጋዘን የተከማቸው የቀድሞ ዕቃ በአንድ ሌሊት አልጠፋም፤ ከክልከላው በኋላም በተሠሩ ቤቶች ውስጥ አስቤስቶስ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ላይ በአንዳንዱ ኮርኒስ ውስጥ የገባው ፍርፋሪ ቬርሚኩላይት የሚባል ማዕድን ነው። ከ1919 እስከ 1990 በአሜሪካ ከተሸጠው ቬርሚኩላይት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው በሞንታና ክፍለ አገር ሊቢ ከምትባል ከተማ ማዕድን የወጣ እንደ ነበር መሥሪያ ቤቱ ይገምታል፤ ያ ማዕድን ደግሞ በተፈጥሮው ከአስቤስቶስ ጋር የተደባለቀ ነበር። የሊቢ ነዋሪዎች ብዙ ሰው ቀበሩ፤ በ2009ም መንግሥት በከተማዪቱ ላይ የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ።

ይህን ያነበበ ሁሉ ዛሬውኑ ከቤቱ ሸሽቶ ይውጣ ማለታችን አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ እንዲያውም ከሚጠበቀው የተገላቢጦሽ ነው። አስቤስቶስ ያለበት ኮርኒስ ሳይነካ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ውሃ ሳይጠጣ ተቀምጦ እንደሆነ ክሩ ከልስኑ ጋር ታስሮ ስለሚቀመጥ ወደ አየር አይወጣም ማለት ይቻላል። መሥሪያ ቤቱም ለቤት ባለቤቶች የሚሰጠው ምክር ደኅና የሆነውን አትንኩት የሚል ነው። አደጋው የሚነሣው መፋቂያው ሲነሣ ነው። ያ ባል ቅዳሜ ጧት በደረቁ ሊፍቀው ያሰበው ኮርኒስ ብዙ ዓመት በሰላም ተቀምጦ፣ በግማሽ ቀን ውስጥ ግን በምንጣፉ፣ በመጋረጃው፣ በልጆቹ አልጋና በማሞቂያው ቧንቧ ውስጥ ሊሰራጭ ይችላል። ያኔ ቤቱ ከመፋቁ በፊት ከነበረው እጅግ የከፋ ይሆናል።

በተለይ ደቦው ያሳስበናል። ወገናችን ቤት ሲገዛ ወዳጅ ዘመድ ለመርዳት መምጣቱ የተመሰገነ ልማድ ነው፤ ቀለም መቀባት፣ ዕቃ ማጓጓዝ፣ ሣር ማጨድ ሁሉ በደቦ ያምራል። ነገር ግን ከአገር ቤት ከመጣ ወር ያልሞላውን የእኅት ልጅ አፉን በነጠላ ጫፍ ሸፍኖ መሰላል ላይ ማውጣት ውለታ መጠየቅ አይባልም። ነጠላም ሆነ ተራ የወረቀት ማስክ ይህን ብናኝ አይከለክልም።

ታዲያ አስቤስቶስ መኖር አለመኖሩ እንዴት ይታወቃል? በማየት አይታወቅም። ሠላሳ ዓመት ልስን የሠራ ባለሙያ «ይኼ የለበትም» ቢል ግምት ነው። የሚታወቀው ከኮርኒሱ ትንሽ ተወስዶ ፈቃድ ባለው ላቦራቶሪ በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲመረመር ብቻ ነው። ሕጉ አስቤስቶስ ያለበት ብሎ የሚጠራው ከ1 በመቶ በላይ የሆነውን ነው። ምርመራው ኮርኒሱን ከማስነሣት ወጪ ጋር ሲተያይ በጣም ርካሽ ስለሆነ፣ ሳያስመረምሩ የሚፍቁበት ምክንያት አይታየንም።

ናሙናውን የሠለጠነ ሰው ቢወስደው የተሻለ ነው፤ መንግሥትም የሚመክረው ይህንን ነው። እንዲያ ቢሆንም ባለቤቱ አሠራሩን ቢያውቅ የመጣው ሰው በትክክል መሥራቱን ይቆጣጠራል። በመጀመሪያ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው ይዘጋል፤ ልጆች ከክፍሉ ይወጣሉ። የሚወሰድበት ቦታ ጥቂት ሳሙና ጠብ በተደረገበት ውሃ ቀስ ብሎ ይረጥባል። ከዚያም ከላይ ብቻ ሳይሆን እስከ ሰሌዳው ድረስ ዘልቆ ትንሽ ይቆረጥና በሚታሸግ ከረጢት ይገባል፤ ቦታው በእርጥብ ወረቀት ተጠርጎ በስቱኮ ይደፈናል። ከአንድ ቦታ ብቻ መውሰድ አይበቃም፤ ልስኑ በየጊዜው ስለሚበጠበጥ የሳሎኑ ከመኝታ ቤቱ ሊለይ ይችላል። ለትምህርት ቤቶች በ1987 የወጣው ደንብ ስፋቱ እስከ 1,000 ካሬ ጫማ ለሆነ 3 ናሙና፣ ከዚያ በላይ እስከ 5,000 ለሆነ 5፣ ከዚያም ለሚበልጥ 7 እንዲወሰድ ያዛል። ደንቡ ለመኖሪያ ቤት የወጣ ባይሆንም ጥሩ መለኪያ ነው።

ውጤቱ «የለበትም» ተብሎ ከመጣ ነገሩ ወደ ገንዘብና ወደ ምርጫ ይመለሳል። ኮርኒሱ አቧራ ይይዛል፤ ሊጠረግ ሲሞከር ይረግፋል። በየሰንበቱ እጣን በሚጤስበት፣ ቡና በሚቆላበት ቤት ደግሞ ጉብጉቡ ጢሱን ጠጥቶ ቶሎ ይጠቁራል። እንፋቀው የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። የሚፋቀውም በእርጥቡ ነው፤ መብራቱ ተቋርጦ፣ ወለሉና ግድግዳው በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ውሃው በአትክልት መርጫ ተረጭቶ፣ 15 ደቂቃ ያህል ጠጥቶ ሲለሰልስ በሰፊ ስፓቱላ ይገፈፋል። ውሃው ከበዛ የሰሌዳው ወረቀት ይላጣል፤ ካነሰ አቧራ ይሆናል። አንድ ጊዜ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ውሃ ስለማያስገባ ሥራው እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ ቤቱም ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ያም መመርመር አለበት።

ከተፋቀ በኋላ የሚታየውን ቀድሞ ማወቅም ይበጃል። በ1965 ወይም በ1975 ሠራተኛው በችኮላ የተወው መስመርና ጠማማ ሁሉ ይገለጣል። እሱን በስቱኮ ማስተካከልና ማለስለስ ከመፋቁ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ሰው ዋጋ የሚስማማው ለመፋቁ ብቻ ነውና ሁለተኛው ሒሳብ ሲመጣ ይደነግጣል።

ውጤቱ «አለበት» ተብሎ የመጣ እንደሆነ ሦስት መንገድ አለ፤ እኛ የምናስቀድመው እንዳለ መተውን ነው። ኮርኒሱ ጠንካራ ከሆነ፣ ካልረገፈ፣ ጣሪያው የማያፈስ ከሆነ መተው ስንፍና አይደለም። መተው ማለት ግን መርሳት አይደለም። ሚስማርና መንጠቆ አይመታበትም፤ በመጥረጊያ አይጠረግም፤ ተደራራቢ አልጋ ላይ የሚተኛ ልጅ በጣቱ ሊፍቀው ስለሚችል አልጋው ይነሣል፤ ፍርፋሪ ቢወድቅ በተራ የአቧራ መጥረጊያ መኪና አይወሰድም፣ ማጣሪያው ክሩን መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋልና።

ሁለተኛው መሸፈን ነው። ከኮርኒሱ በታች አዲስ የጂፕሰም ሰሌዳ ከላይኛው እንጨት ጋር በብሎን ይያዛል፤ አሮጌው ከበላዩ ታሽጎ ይቀራል። ሲበሳ አቧራ ስለሚነሣ ይህንንም የሚያውቅ ሰው ቢሠራው ይመረጣል። ብዙ አያስቆሽሽም፣ ኮርኒሱም ልስልስ ሆኖ ይወጣል፤ የክፍሉ ቁመት የሚቀንሰው በጣም ጥቂት ነው። ለክርስትናው ቤቱን አሳምሮ ማየት ለፈለገች ሚስት ይህ መልካም ማስታረቂያ ይመስለናል።

ማስነሣት የሚገባበትም ጊዜ አለ። ጣሪያው አፍስሶ ልስኑ እየተላቀቀ ከሆነ፣ ወይም ቤቱ ፈርሶ እንደገና የሚከፋፈል ከሆነ መተው አይቻልም። ያን ጊዜ ሥራው ፈቃድ ላለው ድርጅት ይሰጣል፤ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ይህን ሥራ የሚሠራ ድርጅት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሕጉ በየክፍለ አገሩ ስለሚለያይ ሌላ ቦታ ያለ ሰው የራሱን ይጠይቅ። በአፓርታማ የሚኖር ወይም የሚከራይ ደግሞ አስቀድሞ ለባለቤቱ ወይም ለማኅበሩ ያስታውቃል። ሠራተኞቹ ክፍሉን በላስቲክ ያሽጉታል፤ አየሩን እየሳበ በጥብቅ ማጣሪያ የሚያሳልፍ መኪና ያቆማሉ፤ ልስኑን እያረጠቡ ገፈው ምልክት ባለበት ድርብ ከረጢት ያስራሉ፤ በመጨረሻም አየሩ ይለካል። ቤተሰቡ እስከዚያ ሌላ ቦታ ይሰነብታል። ዋጋው እንዲህ ባለ ምክንያት ውድ ነው። ዋጋ የቀነሰ ሰው ሲገኝ ከነዚህ ውስጥ የትኛውን እንደተወ መጠየቅ ነው። ደግሞም መርማሪውና አንሺው የተለያዩ ድርጅቶች ቢሆኑ ይመረጣል፤ «አለበት» ብሎ የሚያተርፍ ሰው ራሱ መርማሪ መሆን የለበትም።

ስለ ዋጋ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ቤቱን ሲገዙ አስቤስቶስ አለ ብሎ ሻጩ እንዲናገር የሚያስገድድ የመላው አሜሪካ ሕግ የለም፤ የሚያስገድደው ከ1978 በፊት በተሠሩ ቤቶች ስላለው የእርሳስ ቀለም ነው። አንዳንድ ክፍለ አገር የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ውሉ ሳይፈረም ኮርኒሱን ማስመርመርና ውጤቱን ይዞ ዋጋ መደራደር የገዢው ፈንታ ነው። ከላቦራቶሪ የመጣው ወረቀትም ከቤቱ ሰነድ ጋር ይቀመጥ። ነገ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ለአዲስ መብራት ኮርኒሱን ልብሳ ቢል፣ መሰላሉን ከመውጣቱ በፊት ያን ወረቀት ማየት አለበት።